ድንኳኑ የት ይተከል? የአንድ ባልና ሚስት ሁለት ሌሊት በጣና ዳር

ጉዳዩ የአንድ ባልና ሚስት ነው። ሁለቱም ባህር ዳር ይኖራሉ። እሱ የሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ እሷ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርስ ናት። ከተጋቡ ሁለት ዓመት አልሞላቸውም ነበር። በጥር 2012 ዓ.ም. ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜና እሁድ ድንኳን ይዘው ጣና ዳር ሁለት ሌሊት አደሩ። ስማቸውን አልጽፍም፤ እንዳልጽፍ ለምነውኛል። ያደሩበትን ቦታም በስም አልጠራም። ያሳደሯቸው ሰው ግቢ በእንግዳ ብዛት እንዲጨናነቅ አልፈልግም።

አደጋ አልደረሰም። የተጎዳ ሰው የለም፤ የጠፋ ዕቃም የለም። ታዲያ ምኑ ይጻፋል? ሁለቱ ስለ አንድ ጉዞ ሁለት ዓይነት ፍርድ ስለሚሰጡ ነው። እሱን ስትጠይቁት «ካምፒንጉ ተበላሸ» ይላል። እሷ ደግሞ «ከሠርጋችን ወዲህ እንደዚያ የተደሰትኩበት ጊዜ የለም» ትላለች። ለየብቻ አነጋግሬያቸዋለሁ። የሆነውን ነገር ሲተርኩ አንድ ቃል አይለያዩም። ዳኝነቱ ላይ ሲደርሱ ነው የሚጣሉት።

መጀመሪያ የታሰበው ሰሜን ነበር

እሱ ልቡ ያለው ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ላይ ነበር። ጭላዳ፣ ዋልያ፣ ጅብራ፣ ገደል አፋፍ ላይ የተተከለ ድንኳን፤ ስልኩ በእነዚህ ፎቶዎች ተሞልቷል። አይፈረድበትም። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ ከመዘገባቸው የመጀመሪያዎቹ ቦታዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ የወጣው በ2017 ነው። እንዲህ ያለ ቦታ አገርህ ላይ ሆኖ፣ ያውም የአንድ ቀን መንገድ ላይ፣ አለማየት ያስቆጫል።

ችግሩ ጊዜ ነው። ሁለቱም ፈቃድ ያገኙት ለዓርብ ከሰዓት ብቻ ነበር። ከባህር ዳር ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከጎንደር ደባርቅ ሌላ 100 ገደማ አለ። ደባርቅ ደርሰህም ገና በሩ ላይ ነህ። ቢሮ ገብተህ ትመዘገባለህ፣ ትከፍላለህ፣ ስካውት የሚሉት መሣሪያ የያዘ ጠባቂ ይመደብልሃል። ከዚያ ነው ወደ መጀመሪያው ካምፕ ወደ ሳንቃበር የሚወጣው። ሳንቃበር ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ ግጭና ጨነቅ 3,600 ሜትር አካባቢ ናቸው። 1,800 ሜትር ላይ የሚኖር የባህር ዳር ሰው በአንድ ቀን እዚያ ወጥቶ ቢተኛ ራስ ምታት ይዞት ሊያድር ይችላል። ብርዱ ደግሞ ብርድ ነው። ሚስትየዋ ወረቀት ላይ ሰዓቱን ደመረችው። «ከምናድረው የምንጓዘው ይበልጣል» አለችው። በዚሁ ቀረ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ሰሜን ተራሮች ላይ ድንኳን የት እንደሚተከል የሚመርጠው ጎብኚው አይደለም። የታወቁ ካምፖች አሉ። ስካውቱ አውሬው በየት በየት እንደሚያልፍ ያውቃል። «ማን ፈቀደልህ?» ብሎ የሚመጣ ሰው የለም፤ ፈቃዱን ደባርቅ ላይ ከነደረሰኙ ተቀብለኸዋል። የከፈልከው ገንዘብ ከብዙ ሐሳብ ያሳርፍሃል።

ጣና ተመረጠ። ጣናም ቢሆን ቀላል ቦታ አይደለም፤ ሐይቁና ዙሪያው እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዩኔስኮ ባዮስፌር ሪዘርቭነት ተመዝግቧል። እሱ ይህን ሲሰማ «በቃ፣ ፓርክ ማለት ነው» አለ። ስህተቱ እዚህ ላይ ይጀምራል። ባዮስፌር ሪዘርቭ ሰው የወጣለት መሬት አይደለም። በጥብቅ የሚጠበቅ እምብርት አለው፤ በዙሪያው መከላከያ ቀጠና አለ፤ ከዚያ ቀጥሎ ሰው የሚያርስበት፣ የሚያጠምድበትና የሚነግድበት ቀጠና ይመጣል። የዳርቻው ገበሬ ከነበሬው ውስጡ ነው። ቲኬት ቆራጭ የለም፣ ስካውት የለም፣ «እዚህ ትከል» የሚል ሰሌዳም የለም። እሱ ይህን ሁሉ እንደ ነፃነት ነው የቆጠረው። ማንም የሌለበት ዳርቻ እናገኛለን ብሎ ነው የተነሳው።

ስንቁ ላይ ብዙ አልቆይም። እሱ ከሱፐርማርኬት ፓስታ፣ ቱናና ኢንዶሚ ገዛ። አማቱ በሶ፣ ድርቆሽና ዳቦ ቆሎ ቋጥረው ላኩ። «ይኼ እኮ የዘማች ስንቅ ነው» ብሎ ሳቀ። ታዲያ ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል? በሶ እሳት አይፈልግም፣ ድስት አያስጥብም፣ አይበላሽም። ዓርብ ጾም ቢሆንም አያስቸግርም። ለዘመናት አገር ያሻገረ ምግብ እያለ ሰው ኢንዶሚ የሚፈላበት ውኃ ፍለጋ ለምን እንደሚንከራተት አይገባኝም። እሁድ ሲመለሱ ኢንዶሚው እንዳለ ነበር። በሶው አልቋል።

ዓርብ ከሰዓት

ዓርብ 8 ሰዓት ላይ ወደብ ደረሱ። ያሰቡት በጀልባ ወደ ዘጌ ልሳነ ምድር ለመሻገር ነው። ባለጀልባው መልስ ከመስጠቱ በፊት ባህሩን በአገጩ አሳያቸው። ውኃው ነጭ ነጭ እያለ ነበር።

«ዛሬ ነው የምትሄዱት? ጠዋት ብትመጡ ነበር እንጂ።»

ጣናን የሚያውቅ ሰው ይህን ያውቃል። ጠዋት ሐይቁ ይተኛል። ፀሐይ የብሱን ስታሞቀው ነፋሱ ይነሳል፣ ከሰዓት በኋላ ይበረታል። ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋት አለው፤ ጥልቀቱ ግን እጅግ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር አይሞላም። ነፋሱ ሰፊ ሜዳ አግኝቶ ይሮጣል፣ ውኃው ግን ጥልቀት የለውም። ስለዚህ ማዕበሉ አጭር አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል። አንዱ ጀልባውን አንሥቶ ሳያሳርፈው ሌላው ይደርሳል። ገዳማት የሚያስጎበኙ ሰዎች በጠዋት የሚነሡት ለዚህ ነው።

ሌላ ባለጀልባ ተገኘ። «እኔ እወስዳችኋለሁ» አለ። ላይፍ ጃኬቱ ግን አንድ ብቻ ነበር። «ለማንኛችን ነው?» አለች እሷ። እሱ ሊቀልድ ሞከረ፣ አልሳቀችም። ጀልባው ቀረ። በዚህች ውሳኔ ከእሷ ጋር ነኝ። ከጠቅላላው ጉዞ ያለ ምንም ክርክር ትክክል የሆነችው ውሳኔ ይህች ናት።

በየብስ ለመሄድ መኪና ፈለጉ፣ ጠበቁ፣ ተገኘ። አቧራው ሌላ ታሪክ ነው። የዘጌ መግቢያ የሆነችው፣ አፋፍ የምትባል መንደር ሲደርሱ 11 ሰዓት እየተቃረበ ነበር። ጥር ላይ 12 ሰዓት ሲል ፀሐይ ትጠልቃለች። ቦታ ለመምረጥ የቀራቸው ጊዜ አንድ ሰዓት ብቻ ነው።

እዚህች አፋፍ ላይ አምስት ደቂቃ ቆመው አንድ ሰው ጠይቀው ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፈውም ነበር። እሷ ልትጠይቅ ፈልጋ ነበር። እሱ «ከጠየቅን ተከትለውን ይመጣሉ» አለ። ልክ አይደለም ማለት አይቻልም፤ የሚከተሉ ልጆች መኖራቸው አይቀርም።

የታጨደው ሣር

ከዘጌ ጫካ ወጣ ብሎ ባለው ዳርቻ ሄዱ። እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ። በመጨረሻ «አገኘሁ!» ብሎ ተጣራ። በደንገሉ መካከል ክፍት ቦታ አለ። ቀስ ብሎ ወደ ውኃው ይወርዳል። ሣሩ የትልቅ ሆቴል ግቢ ይመስላል፤ አጭር፣ ወጥ፣ ለስላሳ።

ማን አጨደው? በዚያ ሰዓት ይህን የጠየቀ የለም። በዙሪያው ያለው ሣር ደርቆ እስከ ጉልበት ቆሟል። ያቺ ቦታ ብቻ ተላጭታለች። ከሣሩ ወደ ማሳው የሚወጣ መንገድም ነበር። ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት ቦዮች፣ መሃላቸው ላይ ሣር የበቀለበት ጉብታ። እሱ የጋሪ መንገድ መሰለው። እስከ ውኃው ድረስ የሚገባ ጋሪ ምን ሊሠራ እንደሚገባ አላሰበም። መንገዱ ዳር ባለ ቁጥቋጦ ላይ ደግሞ የደረቀ ነገር ተለጥፏል። መሬት ላይ ሳይሆን ቅጠሉ ላይ ነው፣ ወገብ በሚደርስ ከፍታ፣ የተረጨ ይመስላል። እሷ አየችው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ጭቃ ነው።»

ድንኳኑ ተተከለ። ካስማው እየተመታ ሳለ አንድ ሽማግሌ በማሳው በኩል ብቅ አሉ። ጋቢ ለብሰዋል፣ ዱላ ይዘዋል።

«እንደምን ዋላችሁ? የማን እንግዶች ናችሁ?»

«የማንም አይደለንም አባባ፤ ለመዝናናት ነው የመጣነው» አለ እሱ።

ሽማግሌው ድንኳኑን አዩ። ሣሩን አዩ። መንገዱን አዩ። «ልጄ፣ ደጃፉ ላይ እኮ ነው የተኛችሁበት» አሉ።

«የማን ደጃፍ?»

«የጉማሬው።»

ጉማሬ ቀኑን ውኃ ውስጥ ይውላል። ሲመሽ ይወጣና ሣር ሲግጥ ያድራል፤ በአንድ ሌሊት እስከ 40 ኪሎ ሊበላ ይችላል። የሚወጣውም የሚመለሰውም በለመደው መንገድ ነው። ግራና ቀኝ እግሩ የተራራቀ ስለሆነ መንገዱ ሁለት ቦይ እየሆነ ይቦረቦራል፤ መሃሉ ሳይረገጥ ይቀራል። ወንዱ ፋንድያውን በጅራቱ እየበተነ ቁጥቋጦ ላይ ይረጫል፤ «ጭቃው» እሱ ነው። ሣሩንም በየሌሊቱ ያሳጠረው እሱ ነው። ሚዛኑ ከአንድ ቶን በላይ ነው፣ ሲሮጥ ደግሞ ሰው አይቀድመውም። ከሁሉ የከፋው በእሱና በውኃው መካከል መገኘት ነው። ድንኳኑ የቆመው እዚያው ላይ ነበር።

ሽማግሌው ዱላ ይዘው የወጡት ለእነሱ አልነበረም። ጣና ከክረምት በኋላ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይሞላል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይሸሻል። የሸሸበት እርጥብ መሬት ባህር ሸሽ ይባላል። ገበሬው ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል። ጥር ላይ ሽምብራው እሸት ነው። ለሰው የጣፈጠ እሸት ለጉማሬም ይጣፍጣል። ስለዚህ በዚያ ዳርቻ ማሳ ያለው ሰው ወሩን ሙሉ እሳት እያነደደ፣ ቆርቆሮ እየደበደበ ያድራል። ለጎብኚ ጉማሬ ፎቶ ነው። ለእሳቸው ጉማሬ የዓመት ቀለብ ጉዳይ ነው።

«አሁን የት እንሂድ?» አለች እሷ።

«የት ትሄዳላችሁ! ቤት የእግዜር ነው፣ ግቡ እንጂ።»

ድንኳኑን ለማፍረስ ጊዜ አልነበረም። ካስማውን ነቅለው እንደቆመ ተሸከሙት። እሱ በአንድ ጫፍ፣ ሽማግሌው በሌላው ጫፍ፣ እሷ ባትሪ እያበራች፣ በሽምብራው ማሳ ጥግ ጥግ ሽቅብ ወጡ። የሽማግሌው የልጅ ልጆች ከጎጆው ደጅ ሆነው ቤት በእግሩ ሲመጣ አዩ። ስለዚያች ቅጽበት ሲያወራ ብቻ እሱም ይስቃል።

ድንኳኑ ከጎጆው ፊት ለፊት ዋንዛ ሥር ተተከለ። ሌሊት እሷ ነቃች። መጀመሪያ ትንፋሽ ነው የተሰማት፣ ከባድ ትንፋሽ፣ ከታች ከዳርቻው በኩል። ቀጥሎ ሣር የሚነጭ ድምፅ።

«አንተ፣ ሰማህ?»

«ተኚ፣ በሬ ነው።»

«በሬዎቹ እኮ ከኋላችን ጋጣ ውስጥ ናቸው።»

ከዚያ በኋላ ማንም አልተኛም። ደግነቱ ብዙ ሳይቆይ ሽማግሌው ቆርቆሯቸውን መደብደብ ጀመሩ።

ያልተኙበት ሌላም ምክንያት አለ። ባህር ዳር ሙቀት ነው ብለው አንድ አንድ ስስ ብርድ ልብስ ብቻ ነበር የያዙት። ጥር ላይ የባህር ዳር ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል። ከተማ ውስጥ ግድግዳ ስላለ አይታወቅም። ውኃ ዳር፣ ጨርቅ ሥር ግን ይታወቃል። ብርዱ ከላይ ከሚመጣው ይልቅ ከታች ከመሬቱ የሚመጣው ይብሳል። ድንኳኑን ደግሞ አየር እንዳይገባ ብለው ጥርቅም አድርገው ዘግተውታል። ትንፋሻቸው ጣሪያው ላይ ውኃ ሆኖ ሌሊቱን ሲያንጠባጥብባቸው አደረ። መስኮቱን ትንሽ ከፈት ማድረግ ይበቃ ነበር፤ የድንኳኑ መረብ ለወባ ትንኝ አጎበር ይሆናል። በማግስቱ የሽማግሌው ባለቤት ያዩትን አይተው ሁለት አጎዛ አመጡላቸው። አጎዛ ከሥር አንጥፎ የተኛ ሰው ከሱቅ የተገዛ ስስ ፍራሽ አያምረውም።

ቅዳሜ

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ዘጌ ገቡ። ዘጌ ለብቻው ሊጻፍለት የሚገባ አገር ነው፤ ለዚህ ጉዳይ የሚሆነውን ብቻ ላንሣ። በልሳነ ምድሩ ላይ በሬ አይጠመድም። በትውፊቱ አቡነ በትረ ማርያም ከደነገጉት ጀምሮ እንዲህ ነው ይባላል። ሰው የሚኖረው በቡና፣ በጌሾና በፍራፍሬ ነው። ጫካው ቆሞ የቀረው ለዚህ ነው። ለማያውቅ ሰው ዱር ይመስላል። ግን ከዋንዛው፣ ከብርብራው ሥር ያለው እያንዳንዱ የቡና ዛፍ ባለቤት አለው። አጥር ግን የለውም። ባልየው «ዛሬ ማታ እዚህ ብንተክልስ?» አለ። ከጎናቸው የነበረው ልጅ መሬቱ የማን እንደሆነ በስም ነገረው፣ ቀጥሎ ያለውንም፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለውንም። የቀረው የቤተ ክርስቲያን ነው። ባልና ሚስት ደግሞ ገዳም ግቢ ውስጥ ድንኳን ተክለው አያድሩም፤ ይህን ለአንባቢ ማብራራት አይጠበቅብኝም።

ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ሥዕሉን አይተው ወጡ። በመንገድ ላይ ጦጣ ዳቦ ቆሏቸውን ከነፌስታሉ ይዞ ዛፍ ላይ ወጣ። ጦጣው ቆሎውን ፈልቅቆ በላ፤ ፌስታሉን ባልየው ዛፍ ላይ ወጥቶ አወረደ። ይህን በጎ ሥራ ልመዝግብለት።

ትልቁ ጭቅጭቅ የመጣው ከሰዓት ላይ ነው። ሙቀት ነበር። እሱ መዋኘት አማረው። እሷ በሙያዋ ነው የተናገረችው። የጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ ያለበት መሆኑ የታወቀ ነው። ተውሳኩ የሚራባው ጥልቀት በሌለው፣ ሣርና ደንገል ባለበት ውኃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ላይ ነው። ከቀንድ አውጣው ወጥቶ በቆዳ በኩል ይገባል፣ ውኃውን መጠጣት አያስፈልግም። እግርህን ነክረህ መቆምህ ይበቃዋል። «ስንት ሰው ነው ክኒን የምንሰጠው መሰለህ?» አለችው። እሱ የሚዋኙትን ልጆች አሳያት። እሷም መለሰችለት፦ «ለእነሱም ነው የምንሰጠው።» ዋኘ። ለሩብ ሰዓት ያህል። በኋላ እንዲህ አለኝ፦ «ጣና ዳር አድሬ ሳልዋኝ ብመለስ ለሰው ምን ብዬ ነው የማወራው?»

ሁለተኛው ሌሊት

ማታ እሱ ያሰበው ይህን ነው፦ ትንሿን ቡታጋዝ አቀጣጥሎ፣ ከታንኳ የገዛውን ቀረሶ ዓሣ ጠብሶ፣ ከሚስቱ ጋር ሁለት ሆነው ኮከብ እያዩ መብላት። የሆነው ሌላ ነው። ቀረሶውን የሽማግሌው ባለቤት ተቀብለው ራሳቸው ሠሩት። «እንግዳ ደጄ ላይ ሲያበስል ጎረቤት ምን ይላል?» አሉ። ቡና ተፈላ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ጎረቤት ተጠራ። ልጆቹ በየተራ ድንኳኑ ውስጥ እየገቡ ዚፑን ከፍተው ዘጉ፣ ዘግተው ከፈቱ። እሷ አንዲት ነፍሰ ጡር ጎረቤት የምትጠይቃትን ሁሉ ስትመልስ አመሸች። ከሽምብራው እሸት እየተፈለፈለ በጆንያ መጣ። ወሬው የዝናቡ፣ የጉማሬው፣ የእምቦጩ ነበር። እምቦጭ የሚባለው የውኃ አረም በደንቢያና በፎገራ በኩል ሐይቁን እንዴት እንደያዘው ሁሉም ሰምቷል። ወደዚህ ዳርቻ መቼ ይመጣ ይሆን የሚለው ነው የሚያስጨንቃቸው።

እሱ ዝም አለ። «ሁለታችን ብቻ የሆንበት አንድ ሰዓት አልነበረም» ነው የሚለኝ። «ቤተሰብ ጥየቃ ከሆነ ደብረ ማርቆስ እናቴ ጋ አልሄድም ነበር?» ይህ ቀልድ ቢመስልም ቀልድ አይደለም። ሁለት ሥራ፣ በፈረቃ የምታድር ነርስ፣ በየእሁዱ የሚመጣ ዘመድ። የፈለገው ጫካውን ሳይሆን ሚስቱን ነበር። ይህንን እሷም አላወቀችም ነበር፤ እኔ ስነግራት ነው የሰማችው።

እሑድ ማለዳ የሽማግሌው ልጅ ደውሎ ጀልባ ጠራላቸው። ሊሄዱ ሲሉ እሱ ብር አወጣ። ሽማግሌው ፊታቸው ተለወጠ። «እንጀራ ሸጬ አላውቅም» አሉ። በስንት ጭቅጭቅ የእጅ ባትሪዋን ብቻ ተቀበሉ፤ ለጉማሬው ትሆናለች ብለው። ባህሩ ዝርግ ብሎ ተኝቶ ነበር። ሳይረጥቡ ተሻገሩ።

ማን ትክክል ነው?

ነገሩን ወደ ኋላ ስንከተለው መንገዱ ግልጽ ነው። ነፋሱን ሳይጠይቁ ከሰዓት ተነሡ። ጀልባ ሲቀር ሰዓቱ ሄደ። ሰዓቱ ሲሄድ ቦታው በጥድፊያ ተመረጠ። በጥድፊያ የመረጠ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው በታጨደ ሣር ላይ ነው። ድንኳኑ ቢሻል፣ ብርድ ልብሱ ቢወፍር ይህን አይለውጠውም። ወደብ ላይ ሐሙስ አንድ ጥያቄ፣ አፋፍ ላይ ዓርብ አንድ ጥያቄ ይለውጠው ነበር።

እሱ «ማንም የሌለበት ቦታ» ሲል የነበረው ጣና ዳር የለም። የባህር ሸሹ መሬት ገበሬ አለው። ጫካው ባለቡና አለው። ደሴቱና ገዳሙ ሥርዓት አለው፤ ክብራን ገብርኤልን የመሰሉት ሴት አያስገቡም። ሰው የተወው ቁራጭ ሣር ቢገኝ ጉማሬው ይዞታል። ስለዚህ ጣና ዳር ድንኳን የሚተክል ሰው ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ መንገድ ዘጊ ነው። እንግዳ ለመሆን ደግሞ ሥርዓቱ አዲስ አይደለም። ጸሐይ ሳትጠልቅ ደርሰህ፣ ደጅ ላይ ቆመህ፣ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ትላለህ። ብር አታውጣ። ስኳር፣ ሳሙና፣ ለልጆቹ ደብተር ይዘህ ሂድ፤ ያኔ ማንም ፊቱ አይለወጥም።

እስከዚህ ድረስ ከእሷ ጋር ነኝ። ግን እሱም የጠየቀው ትክክለኛ ነገር ነበር፣ የጠየቀበት ቦታ ነው የተሳሳተው። የእንግዳ ተቀባይ ደግነት ዋጋ አለው፤ ዋጋውም ጊዜህ ነው። ሦስት ቡና እየተፈላልህ «ብቻችንን ተዉን» አይባልም። ብቻ መሆን የፈለጉ ባልና ሚስት ሥርዓት ያለው ካምፕ፣ ክፍያና ስካውት ያለበት ፓርክ ይሻላቸዋል፤ ስካውቱ ራቅ ብሎ ይተኛል፣ ስለ ዝናቡም አይጠይቃቸውም። ለዚያ ደግሞ የዓርብ ከሰዓት ፈቃድ አይበቃም። አንድ ሳምንት ይፈልጋል።

ይህን ሁሉ የምለው በዚያን ጊዜ በነበረው መንገድና ሰላም ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ ካለው ግጭት በኋላ ከከተማ ወጥቶ ድንኳን መትከል ሌላ ጥያቄ ሆኗል። ዛሬ ይህን አንብቦ ነገ የሚነሣ ሰው እንዳይኖር።

እነሱ ለሰሜኑ ጉዞ ለፋሲካ ሰሞን ፈቃድ ጠይቀው ነበር። መጋቢት ላይ ኮሮና ገባ፣ ቀረ። በዚያው ሰሞን እሷ ባሏን እየጎተተች ወደ ላቦራቶሪ ወሰደችው፤ የቢልሃርዚያ እንቁላል በሰገራ ውስጥ እስኪታይ ሳምንታት ስለሚወስድ ነው እስከዚያ የጠበቀችው። ውጤቱ ምንም የለም አለ። እሱ ወረቀቱን ፎቶ አንሥቶ ስልኩ ውስጥ አስቀምጧል። እሷ ደግሞ አንድ ጊዜ ታይቶ አለመገኘት ነፃ መሆን አይደለም፣ ድገም ትለዋለች። እስከ ዛሬ አልደገመም።